ፕሪ-ሜድ፦ ኮርስ ከመመዝገብ በፊት ወደ ኋላ መቁጠር

«ልጅሽ ሜዲስን ስንተኛ ዓመቷ ነው?»

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ሰርግ ላይም ሆነ ክርስትና ላይ ይህ ጥያቄ አይጠፋም። እናት በኩራት «ሁለተኛ» ትላለች። ልጅቷ አንገቷን ትደፋለች። ሜዲስን ገና አልጀመረችማ! ኮሌጅ ገብታ ባዮሎጂ እየተማረች ነው። ሜዲካል ስኩል የምትገባው ሁሉም ነገር ቢቃናላት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እሱም ከተቀበሏት።

እናትም አልዋሸችም። አገር ቤት ሜዲስን «ይደርሳል»። ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይፈተናል፣ ውጤት ካመጣ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ሜዲስን ከደረሰው ከዚያ ወዲያ መንገዱ የተነጠፈ ነው። የትኛው ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ ዩኒቨርሲቲው ይወስናል። የተማሪው ድርሻ ማጥናትና ማለፍ ነው።

አሜሪካ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ በፈለጉት ሙያ የአራት ዓመት ዲግሪ ይያዛል። ከዚያ ለሜዲካል ስኩል ማመልከቻ ይገባል። አራት ዓመት እዚያ። ቀጥሎ ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና፣ እንደ ሙያው ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት። ፕሪ-ሜድ የሚባለው በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ውስጥ የሚደረገው ዝግጅት ነው። በአብዛኞቹ ኮሌጆች ፕሪ-ሜድ የሚባል ዲፓርትመንት የለም፣ ዲግሪም የለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጅ የሚሳሳተው። ኮሌጁ ለመመረቅ የጎደለህን ኮርስ ይነግርሃል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ በቀይ ያሳይሃል። ለሜዲካል ስኩል የጎደለህን ግን ማንም አይከታተልልህም። አራተኛ ዓመት ላይ ደርሶ «ፊዚክስ ቁጥር ሁለት አልወሰድኩም እኮ» የሚል ልጅ የሚፈጠረው በዚህ ክፍተት ነው።

ምን ምን ይጠየቃል?

ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፣ መሠረቱ ግን ያው ነው። አንድ ዓመት ባዮሎጂ ከነላቡ (ከነቤተ ሙከራ ትምህርቱ)። አንድ ዓመት ጄኔራል ኬሚስትሪ ከነላቡ። አንድ ዓመት ፊዚክስ ከነላቡ። ከዚያ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ዓመት ሙሉ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ አንድ ሴሚስተር ይበቃኛል ይላል። አንድ ሴሚስተር ባዮኬሚስትሪ። ሒሳብም አለ፤ አሁን አሁን ከካልኩለስ ይልቅ ስታቲስቲክስ የሚፈልጉ በዝተዋል። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮርስ ይጠየቃል። ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂን ብዙ ትምህርት ቤቶች በግድ አይጠይቁም፣ የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናው ኤምካት ግን ይጠይቃቸዋል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች «ይህን ኮርስ ውሰድ» ማለቱን ትተው «ይህን እውቀት ይዘህ ና» ማለት ጀምረዋል። ጥሩ ነው። ይህን ሰምቶ ፊዚክስን የሚዘል ልጅ ግን የሚያመለክትባቸውን ትምህርት ቤቶች በገዛ እጁ ይቀንሳል። ፈተናውም አይምረውም።

በነገራችን ላይ ይህ የሳይንስ ክምር የዛሬ አይደለም። በ1893 የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ዲግሪና የሳይንስ ኮርሶች ብቻ ሳይሆን ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ጭምር ይጠይቅ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የአሜሪካንና የካናዳን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምሮ ባወጣው ሪፖርት ያንኑ መንገድ ለሁሉም እንዲሆን ገፋ። ሪፖርቱን ተከትሎ ደካማ የተባሉት ብዙዎቹ ተዘጉ። ከሰባቱ የጥቁሮች የሕክምና ትምህርት ቤቶች የተረፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንደኛው የዲሲ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሃዋርድ ነው። እንግዲህ ዛሬ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚያስለቅሰው ልጅ ቢያንስ ጀርመንኛው ቀርቶለታል።

ሁሉንም የሚጎትተው ኬሚስትሪ ነው

ባዮሎጂና ፊዚክስን ወዲህ ወዲያ ማንሸራሸር ይቻላል። ኬሚስትሪን አይቻልም። ጄኔራል አንድ ሳይወሰድ ጄኔራል ሁለት የለም። ጄኔራል ሁለት ሳይኖር ኦርጋኒክ አንድ የለም። ኦርጋኒክ ሁለት ከዚያ በኋላ ነው። በብዙ ኮሌጆች ባዮኬሚስትሪ ኦርጋኒክ ሁለት ካላለቀ አይከፈትም። አምስት ሴሚስተር፣ አንዱ በአንዱ ላይ።

አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። አንዲት ልጅ በ2026 መስከረም አካባቢ ኮሌጅ ትጀምራለች እንበል። ሄለን እንበላት። ሄለን በ2030 ግንቦት ተመርቃ በዚያው ዓመት ነሐሴ ሜዲካል ስኩል መግባት ትፈልጋለች። ማመልከቻ የሚገባው ከመግቢያው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ በ2029 ሰኔ መግቢያ ላይ ታስገባለች። ማመልከቻውን ስታስገባ የፈተና ውጤቷ ቢደርስላት ይመረጣል። ውጤቱ ለመውጣት አንድ ወር ያህል ስለሚወስድ ፈተናውን በ2029 ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ መፈተን አለባት። ፈተናው ባዮኬሚስትሪን በደንብ ስለሚጠይቅ ባዮኬሚስትሪን በ2028 መኸር መጨረስ አለባት። ኦርጋኒክ ሁለት በ2028 ጸደይ። ኦርጋኒክ አንድ በ2027 መኸር። ጄኔራል ሁለት በ2027 ጸደይ። ጄኔራል አንድ በ2026 መኸር።

2026 መኸር ማለት ኮሌጅ የገባችበት የመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። ትርፍ ሴሚስተር የለም። አንድም።

ወላጅም ተማሪም መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። «አንደኛ ዓመት ላይ ቀለል አድርጌ ልጀምርና ሁለተኛ ዓመት ላይ ኬሚስትሪውን እይዛለሁ» ያለ ልጅ፣ ሳያውቀው አንድ ዓመት ዘግይቶ ለማመልከት ወስኗል። መዘግየቱ ራሱ ጥፋት አይደለም፤ እመለስበታለሁ። ሳያውቁ መዘግየት ነው መጥፎው።

ትናንሽ ኮሌጆች ደግሞ ጄኔራል አንድን በመኸር ብቻ፣ ጄኔራል ሁለትን በጸደይ ብቻ ሊሰጡ ይችላሉ። እዚያ አንዱን መጣል በዓመት አንዴ የሚመጣ አውቶቡስ እንደማምለጥ ነው። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ በሁለቱም ሴሚስተር ይሰጣሉ፤ በጋ ላይም ይሰጣሉ። ግን በበጋ ኦርጋኒክ መውሰድ ማለት የአሥራ አምስት ሳምንቱን ትምህርት በአምስት ወይም በስድስት ሳምንት መዋጥ ነው። ሌላ ኮርስም ሆነ ሥራ ሳይደርቡ ከሆነ ይቻላል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው የሒሳብ ምደባ ፈተና ነው። አዲስ ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት የሚፈተነው ነው። ልጁ እንደ ቀልድ ያየዋል፣ ማታ ስልኩ ላይ እያየ ይሞላዋል። ውጤቱ ዝቅ ካለ ኮሌጅ አልጀብራ ላይ ይጥሉታል። አልጀብራውን ካልጨረሰ ደግሞ በብዙ ቦታ ጄኔራል ኬሚስትሪ መመዝገብ አይችልም። በአንድ ሰዓት ፈተና አንድ ሴሚስተር ሄደ ማለት ነው። ከፈተናው በፊት ሁለት ሳምንት ሎጋሪዝምና እኩልታ መከለስ ከምንም ነገር በላይ የሚያዋጣ ጥናት ነው።

የሄለን አራት ዓመት

ኬሚስትሪው ከተቀመጠ ሌላው በዙሪያው ይሞላል። ሄለን በመጀመሪያው ሴሚስተር ጄኔራል አንድን፣ ሒሳብን፣ እንግሊዝኛንና ሳይኮሎጂን ትይዛለች። ላብ ያለው ሳይንስ አንድ ብቻ። በጸደይ ጄኔራል ሁለትና ባዮሎጂ አንድ፣ ስታቲስቲክስም። ሁለተኛ ዓመት ኦርጋኒክ አንድና ባዮሎጂ ሁለት፣ ከሶሲዮሎጂ ጋር። ቀጥሎ ኦርጋኒክ ሁለት፣ አጠገቡ የሜጀሯ (ዲግሪ የምትይዝበት መስክ) ኮርሶች። ሦስተኛ ዓመት መኸር ባዮኬሚስትሪና ፊዚክስ አንድ። ጸደይ ላይ ፊዚክስ ሁለት፣ ሌላው ቀለል ያለ፣ ምክንያቱም ይህ ሴሚስተር የፈተና ዝግጅት አለበት። አራተኛ ዓመት ለቃለ መጠይቅ፣ ለፊዚዮሎጂ፣ ለጄኔቲክስ፣ ከፈለገችም ለሥነ ጽሑፍ ይቀራታል።

የፊዚክሱ ነገር፦ በካልኩለስ የሚሰጥና በአልጀብራ የሚሰጥ አለ። ለሕክምና የአልጀብራው ይበቃል። ኢንጂነሪንግ የሚማር ወይም ፊዚክስ የሚወድ ልጅ የካልኩለሱን ይውሰድ፤ «ከባዱን ከወሰድኩ ያደንቁኛል» ብሎ መውሰድ ግን ትርጉም የለውም። ግሬዱን እንጂ ጀግንነቱን ማንም አያይም።

ሄለን በአንድ ሴሚስተር ከሁለት በላይ ላብ ያላቸው ሳይንሶች እንዳልያዘች ልብ በሉ። ሆን ተብሎ ነው። ጄኔራል ኬሚስትሪ ወረቀት ላይ አራት ክሬዲት ነው። ሳምንቱ ውስጥ ግን እንዲህ ነው፦ ሦስት ጊዜ ሌክቸር፣ አንድ የውይይት ክፍል፣ የሦስት ሰዓት ላብ። ላቡ ከመጀመሩ በፊት የሚሞላ ጥያቄ አለ። ከላቡ በኋላ ሪፖርት አለ፤ የቲትሬሽኑ ቁጥር፣ ግራፉ፣ የስህተት ስሌቱ፣ እሁድ እኩለ ሌሊት ላይ የሚዘጋ። ይህን በሦስት አባዙት። ቅዳሜና እሁድ የሚሠራ ልጅ ደግሞ ሪፖርቱን የሚጽፈው ከሥራ ሲመለስ ነው። «በአንድ ጊዜ ልገላገላቸው» የሚባለው ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ቁጥር አይረሳም

አብዛኛው ሰው የሚያመለክተው አምካስ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ በኩል ነው። የሚያስተዳድረው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ነው። (ቴክሳስ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ የራሷ አላት።) አምካስ የልጁን ግሬድ ተቀብሎ እንደገና ያሰላዋል። ሁለት ጂፒኤ ያወጣል፦ አንዱ የሁሉም ኮርስ፣ አንዱ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ብቻ። ይህኛውን የሳይንስ ጂፒኤ ይሉታል። ስታቲስቲክስ ሒሳብ ተብሎ ይገባል። ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ አይገቡም።

ሒሳቡን በቁጥር እንየው። አንድ ልጅ አንደኛ ሴሚስተር ላይ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ካልኩለስ ደራረበ፤ ሦስቱም አራት አራት ክሬዲት። ሲ፣ ቢ፣ ሲ አመጣ። አማካዩ 2.33 ነው። ደነገጠ፣ ልብ ገዛ፣ ቀጥሎ ያሉትን 36 የሳይንስ ክሬዲቶች በ3.9 ጨረሰ። ይህ ግሩም ውጤት ነው። አጠቃላይ የሳይንስ ጂፒኤው ግን 3.5 ገደማ ላይ ይቆማል። የአንድ ሴሚስተር ስህተት የሁለት ዓመት ጥረትን ይጎትታል። በቅርብ ዓመታት ሜዲካል ስኩል የገቡት ተማሪዎች አማካይ አጠቃላይ ጂፒኤ 3.8 አካባቢ ነው፤ የሳይንሱ ትንሽ ዝቅ ይላል።

«ግድ የለም፣ ደግሜ እወስደዋለሁ» ይላል ሌላው። መድገም ይቻላል። ብዙ ኮሌጆች አዲሱን ግሬድ ይተኩለታል፣ የድሮው ከራሱ ኮሌጅ ጂፒኤ ይወጣል። አምካስ ግን ሁለቱንም ይቆጥራል። ሲ ያመጡበትን ኮርስ ከመድገም ይልቅ ወደፊት ሄዶ ከበድ ባለው ኮርስ ኤ ማምጣት ብዙ ጊዜ ይሻላል። ዲ ከሆነ ግን መድገም የግድ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሲ በታች አይቀበሉም። ከመካከል ማቋረጥም አለ፤ ትራንስክሪፕት ላይ ደብልዩ ሆኖ ይቀራል። አንድ ደብልዩ ማንንም አላስቀረም። በየሴሚስተሩ ከታየ ግን ጥያቄ ያስነሳል።

ለዚህ ነው በእኔ እምነት የመጀመሪያው ሴሚስተር ትልቁ ጥያቄ «ስንት ሳይንስ ልያዝ?» ሳይሆን «ኬሚስትሪዬን ይዤ ሌላውን ምን ያህል ላቅልለው?» የሚለው መሆን ያለበት። ወላጅ «አራት ኮርስ ብቻ?» ሲል ልጁ ሳይፈራ «አዎ» ይበል።

ኤምካት ለምን የኮርሱን ቅደም ተከተል ይወስናል

የመግቢያው ፈተና ኤምካት ይባላል። አራት ክፍል አለው። ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ነው፤ መሃሉ 500 ላይ ይውላል፣ የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ 512 አካባቢ ነው። ከነዕረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ያስቀምጣል። በአንድ ዓመት ከሦስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ከሰባት ጊዜ በላይ መፈተን አይቻልም።

ፈተናውንም የሚያወጣው ያው የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር እያንዳንዱ ክፍል ከየትኛው ኮርስ ስንት በመቶ እንደሚወስድ በግልጽ ያወጣል። ይህን ሰንጠረዥ ኮርስ ከመምረጡ በፊት የሚያየው ልጅ ጥቂት ነው። የኬሚስትሪና ፊዚክስ ክፍሉ ሠላሳ በመቶ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ 25 በመቶ ፊዚክስ፣ 25 በመቶ ባዮኬሚስትሪ፣ 15 በመቶ ኦርጋኒክ ነው። የባዮሎጂው ክፍል 65 በመቶ መግቢያ ባዮሎጂ፣ 25 በመቶ ባዮኬሚስትሪ፤ ኦርጋኒክ አምስት በመቶ ብቻ። ሌላው ክፍል 65 በመቶ ሳይኮሎጂና 30 በመቶ ሶሲዮሎጂ ነው። አራተኛው የንባብ ክፍል ነው፣ የሳይንስ እውቀት አይጠይቅም።

ከዚህ የሚገርመው የባዮኬሚስትሪ ድርሻ ነው። አንድ ሴሚስተር ብቻ የሚወሰድ ኮርስ በሁለት ክፍሎች ውስጥ ሩብ ሩብ ይይዛል። ዓመት ሙሉ የሚያስጨንቀው ኦርጋኒክ ከዚያ በጣም ያንሳል። እንግዲያው ኤምካትን ከባዮኬሚስትሪ በፊት መፈተን በአንድ እጅ ማጨብጨብ ነው። ኦርጋኒክን ባንወደውም የባዮኬሚስትሪው በር ስለሆነ ልንዘለው አንችልም።

የንባቡን ክፍል በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ልጅ ሳይንሱን አሟልቶ በዚህ ክፍል ሲወድቅ ያሳዝናል። በሦስት ወር ጥናት ብዙም አይሻሻልም። ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ማንበብ የሚያስገድድ ኮርስ፣ ታሪክም ይሁን ፍልስፍና፣ በየዓመቱ አንድ መያዝ የተሻለው ዝግጅት ነው።

ሜጀሩስ?

ባዮሎጂ መሆን የለበትም። የሚያመለክተው ከግማሽ በላይ ባዮሎጂ ነክ ነገር ያጠና ነው፤ ግን ሒሳብ ወይም ሥነ ሰብእ አጥንተው ካመለከቱት ውስጥ የሚገቡት በመቶኛ ሲታይ ከባዮሎጂዎቹ አያንሱም። ባዮሎጂ የሚመረጠው ኮርሶቹ ስለሚደራረቡ ነው፣ ያ ምክንያት ይበቃል። ልጁ ኢኮኖሚክስ ከወደደ ኢኮኖሚክስ ይማር፣ የሳይንስ ኮርሶቹን ጎን ለጎን ያስኪድ። በጣም ብዙ ሰው አመልክቶ የማይገባበት መስክ መሆኑንም አትርሱ፦ ለ2023–24 ወደ 52 ሺህ ሰው አመልክቶ ወደ 23 ሺህ ገባ። ሳይገባ ቢቀር በምን እንጀራ እንደሚበላ ሜጀሩ መልስ ቢኖረው አይከፋም።

ሃይስኩል ላይ ኤፒ ኬሚስትሪ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ የሃይስኩል ኮርስ) ወስዶ ከፍተኛውን ውጤት አምስት ያመጣ ልጅ ጄኔራል ኬሚስትሪን መዝለል ይችላል? ኮሌጁ ይፈቅድለታል። ሁሉም ሜዲካል ስኩል ግን አይፈቅድም። የዘለለ ልጅ በምትኩ ከፍ ያለ ኬሚስትሪ ይዞ ክፍተቱን መሙላት አለበት። ባዮሎጂ ላይም እንዲሁ፣ በጄኔቲክስ ወይም በሴል ባዮሎጂ። እኔን ብትጠይቁኝ ጄኔራል ኬሚስትሪን አትዝለሉ። ከሃይስኩል ክፍል በቀጥታ ኦርጋኒክ ውስጥ መግባት ለጥቂቶች ነው።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና የነርሲንግ ወጥመድ

የእኛ ልጆች ብዙዎቹ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ በሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በኩል ያልፋሉ። ገንዘቡ ያንሳል፣ ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ጆርጅ ሜሰን መሻገሪያ ስምምነት አላቸው። «ሜዲካል ስኩል ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አይቀበልም» የሚባለው በጅምላ ሲነገር ውሸት ነው። አብዛኞቹ ይቀበላሉ። ጥቂቶች አይወዱትም። የሚሻለው ጄኔራል ኬሚስትሪውንና መግቢያ ባዮሎጂውን እዚያ ጨርሶ፣ ባዮኬሚስትሪንና ከበድ ያሉትን አራት ዓመት በሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ወስዶ እዚያም ጥሩ ግሬድ ማምጣት ነው። ኦርጋኒክን ደግሞ ከመካከል መክፈል፣ አንዱን እዚህ ሌላውን እዚያ፣ አይመከርም። የመጽሐፉ ቅደም ተከተል አይገጥምም፣ ላቡም ክሬዲቱም ሲተላለፍ ይምታታል።

አሁን ወደ ወጥመዱ። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኬሚስትሪ የሚባል ኮርስ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ለነርሲንግና ለጤና ሙያዎች የተዘጋጀ አለ፣ ለሳይንስ ሜጀር የተዘጋጀ አለ። ስማቸው ይቀራረባል፣ ክሬዲታቸውም እኩል ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው በአብዛኛው ለሜዲካል ስኩል አይቆጠርም፣ ወደ ኦርጋኒክም አያሻግርም። አናቶሚና ፊዚዮሎጂም እንዲሁ፤ ለነርስ የግድ ነው፣ የአንድ ዓመት ባዮሎጂውን ቦታ ግን ብዙ ጊዜ አይተካም። ነርሲንግ ጀምሮ ሐሳቡን የለወጠ ሰው «ሳይንሱን እኮ ጨርሻለሁ» ብሎ ሲመጣ እንደ አዲስ ጀምር የሚባለው ለዚህ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት አድቫይዘሩን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህ ኮርስ ለሳይንስ ሜጀር ነው?» መልሱ «ለጤና ሙያ ነው» ከሆነ ሌላውን ፈልጉ።

አንድ ዓመት መዘግየት

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት። ዛሬ ሜዲካል ስኩል ከሚገቡት ከግማሽ በላይ ከተመረቁ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት የቆዩ ናቸው። እኛ ዘንድ ይህ «ልጁ ተቀመጠ» ይባላል። እንደዚያ አይደለም። ሄለን አንድ ዓመት ብትጨምር ባዮኬሚስትሪን አራተኛ ዓመት ላይ ትወስዳለች፣ ኤምካትን ከዚያ በኋላ ትፈተናለች፣ የአራተኛ ዓመት ግሬዷም በማመልከቻው ውስጥ ይቆጠርላታል። አልጀብራ ላይ የተጣለ ልጅ፣ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የተሻገረ ልጅ፣ በሳምንት ሃያ ሰዓት የሚሠራ ልጅ ይህን ከመጀመሪያው ዕቅዱ ውስጥ ቢያስገባው ነፍሱን ያሳርፋል። የኤምካት ውጤት ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሚያረጅ ቀድሞ ተፈትኖ ማስቀመጥ አያዋጣም።

ዲግሪው ከአገር ቤት ከሆነ

በዲቪ ወይም በሌላ መንገድ የመጣ፣ አገር ቤት ባዮሎጂ ወይም ፋርማሲ የጨረሰ ሰው ጥያቄው ሌላ ነው። አምካስ የውጭ አገር ግሬድን ጂፒኤ ውስጥ አያስገባም። ብዙ ሜዲካል ስኩሎች የአሜሪካ ወይም የካናዳ ዲግሪ፣ አለበለዚያ እዚህ የተወሰዱ 90 ክሬዲት ያህል ይፈልጋሉ። መራራ ነው፣ ግን ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። የሳይንስ ኮርሶቹን እዚህ እንደገና መውሰድ የማይቀር ነው። አገር ቤት ሐኪም ሆኖ የተመረቀ ሰው ግን ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም። እሱ የፕሪ-ሜድ ኮርስም ኤምካትም አያስፈልገውም፤ የእሱ መንገድ የፈቃድ ፈተናዎቹና የሬዚደንሲ ውድድሩ ነው።

ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ እንደ ዜጋ ይታያል። በተማሪ ቪዛ ያለ ግን በጣም የጠበበ በር ነው ያለው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች፣ በተለይ የስቴት የሆኑት፣ አይቀበሉም። ኮርስ ከማቀድ በፊት ይህን ማጣራት ይቅደም።

የየትምህርት ቤቱን የኮርስ መስፈርት ለማየት ማኅበሩ ኤምሳር የሚባል የመረጃ ቋት አለው። ከፊሉ በነጻ ይታያል፣ ሙሉው በክፍያ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ አሥር ትምህርት ቤት መርጦ መስፈርታቸውን ጎን ለጎን ማየት አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል። በዚያው ጊዜ ቢሮ እየሄዱ የሚጠይቁትን ሁለት የሳይንስ መምህራን መለየትም ጥሩ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሁለት የሳይንስ መምህራን የምስክር ደብዳቤ ይፈልጋሉ፣ ሦስት መቶ ተማሪ ባለበት አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠን ልጅ ደግሞ መምህሩ አያውቀውም።

ገንዘብ ካነሳን አይቀር፣ የቤተሰብ ገቢ ዝቅ ላለ ተማሪ ማኅበሩ የክፍያ እርዳታ ይሰጣል። የኤምካት ክፍያን ይቀንሳል፣ ኤምሳርን በነጻ ይከፍታል፣ የአምካስ ክፍያንም እስከ ሃያ ትምህርት ቤት ድረስ ይሸፍናል። ስደተኝነት ወይም ጥገኝነት ያገኘ ሰውም ማመልከት ይችላል። ግን ለኤምካት ከመመዝገቡ በፊት ተጠይቆ መጽደቅ አለበት። አንዴ ሙሉውን ከከፈሉ በኋላ ቢፈቀድላችሁም የከፈላችሁትን አይመልሱላችሁም።